የፒኤች ልኬት መሥራች ሶረን ሶረንሰን እና በደረቅ መድኃኒት ውስጥ የተሰወረው አሲድነት

በጤና ተቋማት ከሚሰጡ መድኃኒቶችና ክትባቶች መካከል በብልቃጥ ሥር እንደ ነጭ ዱቄት ሆነው የሚመጡ አሉ። የኩፍኝ ክትባትና የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ የሆነው ቢሲጂ ከእነዚህ ይመደባሉ። የጤና ባለሙያው ዱቄቱን ከራሱ መበጥበጫ ፈሳሽ ጋር ቀላቅሎ፣ በውስጡ እስኪሟሟ ጠብቆ ይሰጣል። እነዚህ ምርቶች የተዘጋጁት በመጀመሪያ በፈሳሽነት ሲሆን፣ በኋላ በብርድ ረግተው ውኃቸው እንዲወጣ ተደርጓል። በዚህ መንገድ መድረቃቸው ለረጅም ጊዜ ሳይበላሹ እንዲቆዩ ይረዳል። ይሁን እንጂ ደረቅ ዱቄት ሁሉ በውስጡ ምንም የማይካሄድበት ነገር አይደለም። በተለይም የአሲድነቱ መጠን መድኃኒቱን ጠብቆ ሊያቆየው ወይም ቀስ በቀስ ሊያበላሸው ይችላል።

አሲድነትን በቁጥር መግለጽ ለዓለም ያስተማሩት ዴንማርካዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሶረን ፒተር ላውሪትስ ሶረንሰን ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሕይወት ታሪካቸውን በአጭሩ ያቀርባል፤ የጀመሩት የቀለም ልኬት ውኃ በሌለበት ደረቅ መድኃኒት ውስጥ ዛሬ እንዴት እንደሚያገለግልም ያስረዳል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ትምህርት

ሶረንሰን ጥር 9 ቀን 1868 በዴንማርክ፣ በሼላንድ ደሴት በምትገኘው ሃቭሬብየርግ በተባለች የገጠር መንደር ተወለዱ። አባታቸው ገበሬ ነበሩ። በ18 ዓመታቸው ወደ ኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ሊማሩ ያሰቡት ሕክምና ነበር። ይሁን እንጂ በዘመኑ ስመ ጥር በነበሩት የኬሚስትሪ መምህር በሶፉስ ማድስ ዮርገንሰን ተጽዕኖ ሐሳባቸውን ለውጠው ሕይወታቸውን ለኬሚስትሪ ሰጡ። ሕክምናን ትተው የሄዱት እኚህ ተማሪ ከጊዜ በኋላ በዓለም ዙሪያ ያለ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ሁሉ የሚጠቀምበትን ልኬት ማበርከታቸው በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ልዩ ቦታ ይይዛል።

በተማሪነት ዘመናቸው በምርምር ሥራቸው የዩኒቨርሲቲውን የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልመዋል። ትምህርታቸውን እየቀጠሉም በቴክኒክ ከፍተኛ ተቋም ላቦራቶሪ በረዳትነት ሠርተዋል፤ በሀገሪቱ የሥነ ምድር ጥናት ተሳትፈዋል፤ ለንጉሣዊው የባሕር ኃይል የመርከብ ማደሻም በአማካሪነት አገልግለዋል። በ1899 የዶክትሬት ማዕረጋቸውን አገኙ። እስከዚህ ድረስ ትኩረታቸው በብረታ ብረት ውሁዶች ኬሚስትሪ ላይ ነበር። ወደ ሕያዋን ነገሮች ኬሚስትሪ የመለሳቸው ከሁለት ዓመት በኋላ ያገኙት አዲስ ኃላፊነት ነው።

በካርልስበርግ ቤተ ሙከራ

ካርልስበርግ በኮፐንሃገን የሚገኝ የቢራ ፋብሪካ ነው። መሥራቹ ያኮብ ክርስቲያን ያኮብሰን የቢራ ጠመቃ ሥራ በልምድ ብቻ ሳይሆን በሳይንስ መመራት እንዳለበት ያምኑ ስለነበር በ1875 ከፋብሪካው ጎን ራሱን የቻለ የምርምር ተቋም አቋቋሙ። የኬሚስትሪ ክፍሉን ይመሩ የነበሩት ዮሃን ኬልዳል በምግብና በእህል ውስጥ ያለውን የናይትሮጅን መጠን ለማወቅ የሚያስችል ዘዴ በ1883 ያስተዋወቁ ሰው ሲሆኑ፣ ዘዴያቸው እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ኬልዳል በ1900 ሲሞቱ፣ በ1901 ሶረንሰን ተተክተው የክፍሉ ኃላፊ ሆኑ። በዚህ ሥራ ላይም እስከ 1938 ቆይተዋል።

ጠላ የጠመቀ ወይም እንጀራ የጋገረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ እርሾ በሊጥ ወይም በብቅል ላይ ሲሠራ ኮምጣጣነት ይፈጠራል። ኮምጣጣነቱ ከመጠን ሲያልፍም ሥራው ይበላሻል። በካርልስበርግ የነበረው ጥያቄ በመሠረቱ ከዚህ የራቀ አልነበረም። በብቅልና በእርሾ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች፣ ማለትም ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች፣ በአንድ የአሲድነት መጠን በብርቱ ይሠራሉ፤ ከዚያ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ግን ይዳከማሉ። ሶረንሰን ሦስት ኢንዛይሞችን መርጠው አጠኑ። እነዚህም ስኳርን ለሁለት የሚከፍለው የእርሾ ኢንዛይም ኢንቨርቴዝ፣ ካታላዝ እና በጨጓራ ውስጥ ፕሮቲንን የሚፈጨው ፔፕሲን ናቸው።

የልኬቱ ችግር

ለጥናቱ ዋናው እንቅፋት የመለኪያ አለመኖር ነበር። በዚያ ዘመን የነበረው የተለመደ ዘዴ በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ጠቅላላ የአሲድ መጠን ያሳይ ነበር። ኢንዛይሙን የሚነካው ግን ጠቅላላው መጠን አይደለም፤ በፈሳሹ ውስጥ ነፃ ሆኖ የሚንቀሳቀሰው የሃይድሮጅን አዮን ነው። ልዩነቱን በምሳሌ ለማየት፣ በአንድ ቤት ውስጥ ያለ ገንዘብ ሁሉ ተቆጥሮ ቢታወቅ፣ ከዚያ ውስጥ ተቆልፎ የተቀመጠው ስንት እንደሆነና በእጅ ላይ ያለው ስንት እንደሆነ አይነግረንም። ገበያ ላይ የሚሠራው በእጅ ያለው ብቻ ነው። እኩል መጠን ያለው ኮምጣጤና ጨው አሲድ በጠቅላላ ቆጠራ አንድ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በነፃ የሃይድሮጅን አዮን ግን እጅግ ይለያያሉ።

ሌላው ችግር የቁጥሮቹ ስፋት ነበር። የሃይድሮጅን አዮን መጠን በአንድ ፈሳሽ ውስጥ በሊትር 0.1 ሞል፣ በሌላው ደግሞ 0.0000001 ሞል ሊሆን ይችላል። እንዲህ ዓይነት ረጃጅም ዜሮዎችን በሰንጠረዥ ማስፈርም ሆነ በሥዕል ማሳየት አስቸጋሪ ነው።

በ1909 ሶረንሰን ባሳተሙት ጥናት ችግሩን በቀላሉ ፈቱት። ዜሮዎቹን ከመጻፍ ይልቅ የአሥር ብዜት የሆነውን ኃይል ብቻ ወስደው፣ አሉታዊ ምልክቱን አስቀርተው እንደ ቁጥር አስቀመጡት። 0.1 የሚለው 1 ሆነ፤ 0.0000001 የሚለው 7 ሆነ። ዛሬ ፒኤች ብለን የምንጠራው ልኬት ይህ ነው። ንጹሕ ውኃ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 7 ይሆናል፤ ከ7 በታች ያለው አሲድ፣ ከ7 በላይ ያለው ቤዝ ነው። የሎሚ ጭማቂ 2 አካባቢ ሲሆን፣ የጤነኛ ሰው ደም ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ይገኛል።

አንባብያን ልብ ሊሉት የሚገባው፣ በዚህ ልኬት የአንድ ቁጥር ልዩነት የአሥር እጥፍ ልዩነት መሆኑን ነው። ፒኤች ከ7 ወደ 6 ሲወርድ የሃይድሮጅን አዮን አሥር እጥፍ ይጨምራል፤ ወደ 4 ሲወርድ ደግሞ አንድ ሺህ እጥፍ ይሆናል። ይህ ነጥብ ወደ ኋላ ስለ ደረቅ መድኃኒት ስንናገር ተመልሶ ይመጣል።

ቀለም እንደ መለኪያ

ሶረንሰን ልኬቱን ለማግኘት ሁለት መንገዶችን አቅርበዋል። የመጀመሪያው በሃይድሮጅን ጋዝ በተከበበ ፕላቲኒየም አማካይነት የኤሌክትሪክ ኃይልን የሚለካ መሣሪያ ነው። ይህ ትክክለኛ ቢሆንም ጊዜ የሚፈጅና ልምድ የሚጠይቅ ነበር። ሁለተኛው መንገድ በአመልካች ቀለሞች የሚደረግ ልኬት ነው።

አመልካች ቀለም በአሲድ ውስጥ አንድ መልክ፣ በቤዝ ውስጥ ሌላ መልክ የሚያሳይ ንጥረ ነገር ነው። የከርከዴ ሻይ ላይ ሎሚ ሲጨመቅ ቅላቱ ይደምቃል፤ ጥቂት የምግብ ሶዳ ሲጨመርበት ግን ቀዩ መልክ ጠፍቶ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ያደላል። ለውጡ የሚመጣው የቀለሙ ሞለኪውል የሃይድሮጅን አዮንን ሲቀበልና ሲለቅ ብርሃንን የሚውጥበት መንገድ ስለሚለወጥ ነው። ይህን ባሕርይ በእንግሊዛዊ አገር ነዋሪው ሊቅ ሮበርት ቦይል በ1664 በታተመው ስለ ቀለማት በጻፉት መጽሐፍ አስቀድመው ገልጸውት ነበር። እሳቸው ከተጠቀሙባቸው መካከል የቫዮሌት አበባ ጭማቂ ይገኝበታል። ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ቀለም የሚናገረው አንድ ነገር አሲድ ነው ወይስ ቤዝ የሚለውን ብቻ ነበር።

የሶረንሰን ድርሻ ቀለምን ከቁጥር ጋር ማገናኘት ነው። ፒኤቻቸው በኤሌክትሪክ መሣሪያ አስቀድሞ የታወቀ ፈሳሾችን በተርታ በብርጭቆ ቱቦዎች አዘጋጁ፤ በእያንዳንዱም ላይ እኩል የአመልካች ጠብታ ጨመሩ። ከዚያ የማይታወቀውን ፈሳሽ በተመሳሳይ ጠብታ አቅልመው ከየትኛው ቱቦ ጋር እንደሚመሳሰል በዓይን ማነጻጸር ይቻላል። ብዙ ቀለሞችን መርምረው የትኛው በየትኛው ክልል እንደሚያገለግል ለይተዋል። ከዚህም በላይ ቀለም ሊያሳስት የሚችልባቸውን ሁኔታዎች በግልጽ አመልክተዋል። በፈሳሹ ውስጥ ፕሮቲን ወይም ብዙ ጨው ሲኖር የቀለሙ መልክ ከእውነተኛው አሲድነት ሊርቅ ይችላል። ምስክርን ከመስማት በፊት የምስክሩን ድካም ማወቅ እንደሚገባ ሁሉ፣ ይህ ጥንቃቄ እስከ ዛሬ የዘዴው መሠረት ሆኖ ቀጥሏል።

በአሜሪካ ዊልያም ማንስፊልድ ክላርክ እና ኸርበርት ሉብስ የተባሉ ተመራማሪዎች በወተት ጥናት ላይ ሳሉ ይህን ሥራ አስፋፍተው፣ በ1910ዎቹ አጋማሽ ሰልፎንፍታሌይን የተባሉትን ደማቅ ቀለሞች አቀረቡ። ከእነዚህ አንዱ ብሮሞፌኖል ብሉ ሲሆን፣ ፒኤች 3 አካባቢ ቢጫ፣ 4.6 አካባቢ ደግሞ ሰማያዊ ነው። እነዚህን ቀለሞች ወደ ኋላ በደረቅ መድኃኒት ውስጥ እናገኛቸዋለን።

አሲድነትን የሚጠብቁ ፈሳሾች

ለንጽጽር የሚያገለግሉት ፈሳሾች አሲድነታቸው በቀላሉ እንዳይዛባ ያስፈልግ ነበር። ጥቂት አሲድ ወይም ቤዝ ቢጨመርባቸው እንኳ ፒኤቻቸውን የሚጠብቁ እንዲህ ያሉ ፈሳሾች በፈር ይባላሉ። ሶረንሰን ከፎስፌት፣ ከሲትሬት፣ ከቦሬትና ከግላይሲን የተዘጋጁ በፈሮችን በትክክለኛ መጠን ቀምረው ለሌሎች ተመራማሪዎች አቀረቡ። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው የፎስፌቱ ሲሆን፣ ከአንድ የፖታሲየም ፎስፌት ጨውና ሁለት ሶዲየም ካለው የፎስፌት ጨው የሚዘጋጅ ነው። ፎስፌት በሰውነታችን ውስጥም ያለና ለደም ቅርብ በሆነው ፒኤች የሚሠራ በመሆኑ፣ የፎስፌት በፈር በላቦራቶሪዎችና በመድኃኒት ዝግጅት በስፋት ጥቅም ላይ ውሏል።

የኋለኞቹ ዓመታት

ከ1909 በኋላ ሶረንሰን ፊታቸውን ወደ ፕሮቲን አዞሩ። የእንቁላል ነጭ ክፍል በሆነው አልቡሚን ላይ ያደረጉት ጥናት በ1917 ታትሟል። ባለቤታቸው ማርግሬት ሆይሩፕ ሶረንሰንም በምርምሩ አብረዋቸው ሠርተዋል። በ1924 ከረዳታቸው ከካይ ሊንደርስትሮም-ላንግ ጋር ሆነው የራሳቸውን ልኬት ዳግመኛ መረመሩ። የሃይድሮጅን አዮን ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ በዙሪያው ባሉት ሌሎች ነገሮች መካከል ያለው የመሥራት አቅም መለካት እንዳለበት አሳዩ። ዓለም የተቀበለውን የራስን ሥራ ከ15 ዓመት በኋላ ማሻሻል የሳይንስ ቅንነታቸውን ያሳያል።

የኮፐንሃገን ሐኪም ካርል አልበርት ሃሰልባልክ የሶረንሰንን አቆጣጠር ተጠቅመው በ1916 የደምን አሲድነት የሚያሰላ ቀመር አቀረቡ። ቀመሩ እስከ ዛሬ በሕክምና ትምህርት ቤቶች ይሰጣል። በ1930ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በአሜሪካ አርኖልድ ቤክማን ፒኤችን በቀላሉ የሚለካ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሠሩ። ሶረንሰን በ1938 ኃላፊነታቸውን ለሊንደርስትሮም-ላንግ አስረክበው፣ የካቲት 12 ቀን 1939 በ71 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ውኃው ሲወጣ የሚፈጠረው ጥያቄ

ሶረንሰን ካረፉ ብዙም ሳይቆይ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ የደም ፕላዝማንና ፔኒሲሊንን አድርቆ ወደ ሩቅ ቦታ መላክ አስፈላጊ ሆነ። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ፈሳሹ በብርድ እንዲረጋ ይደረጋል፤ ከዚያ አየሩ ተመጥጦ በወጣበት ክፍል ውስጥ በረዶው ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ እንፋሎትነት ተለውጦ ይወጣል። የሚቀረው ቀላልና ባለ ቀዳዳ ደረቅ ነገር ነው። ሥጋ ቋንጣ ሲሆን እንደሚቆይ ሁሉ፣ መድኃኒትም ውኃው ሲወጣ መበላሸቱ ይዘገያል፤ ልዩነቱ ይኼኛው ያለ ሙቀትና በከፍተኛ ጥንቃቄ የሚደረግ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ግን የሶረንሰን ልኬት ድንበሩ ላይ ይደርሳል። ፒኤች የተበየነው በውኃ ውስጥ ላለ ሙሙት ነው። ውኃ በሌለበት ዱቄት ውስጥ የመለኪያ መሣሪያውን ዘንግ የሚነከርበት ፈሳሽ የለም። የደረቀው መድኃኒት አሲድነት ከመድረቁ በፊት ከነበረው ጋር አንድ ነው ብሎ መገመትም ያሳስታል።

ምክንያቱን ለመረዳት በማቀዝቀዝ ወቅት የሚሆነውን መመልከት ይበቃል። ውኃው ወደ በረዶነት ሲለወጥ ንጹሕ ውኃ ብቻ ይረጋል፤ ጨዎቹ፣ ስኳሩና መድኃኒቱ በበረዶው መካከል ባለው ጥቂት ፈሳሽ ውስጥ ተጨናንቀው ይቀራሉ። የሶረንሰን የፎስፌት በፈር አንድ ክፍል የሆነው ባለ ሁለት ሶዲየም ፎስፌት በዚህ ጊዜ ከሌላው ቀድሞ ክሪስታል ሆኖ ሊለይ ይችላል። በፈሩ የሚሠራው ሁለቱ ጨዎች አብረው ሲኖሩ በመሆኑ፣ ቤዝ የሆነው ጨው ሲወጣ የቀረው ክፍል ይኮመጥጣል። ከ7 አካባቢ የተነሣ ሙሙት ወደ 4 ወይም ከዚያ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ይህም ቀደም ሲል እንደተገለጸው የአንድ ሺህ እጥፍ ለውጥ ነው። አሲድነትን እንዲጠብቅ የተጨመረው ነገር ራሱ የአሲድነት ምንጭ ይሆናል ማለት ነው።

ከዚህ የሚብሰው፣ ጉዳዩ በተለመደው ምርመራ አለመታየቱ ነው። ዱቄቱ እንደገና በውኃ ሲበጠበጥ ተለይቶ የነበረው ጨው ተመልሶ ይሟሟል፤ ፒኤቹም ወደ 7 ይመለሳል። መሣሪያው ሁሉም ደህና እንደሆነ ያሳያል። መድኃኒቱ ግን ወራትን ያሳለፈው በደረቁ ሁኔታ ውስጥ ባለው አሲድነት ነው፤ ውኃ ሲጨመር ጥፋቱ ሳይሆን የጥፋቱ ምስክር ይጠፋል።

ቀለሙ በደረቁ ውስጥ ይመሰክራል

መፍትሔው የመጣው ሶረንሰን ካስፋፉት የአመልካች ቀለም ልኬት ነው። አሜሪካዊው ሉዊስ ሃሜት ከአልደን ዴይራፕ ጋር በ1932 ባቀረቡት ጥናት፣ ፒኤች ትርጉሙን በሚያጣበት እጅግ ብርቱ አሲድ ውስጥ እንኳ አመልካች ቀለም የሃይድሮጅን አዮንን ምን ያህል እንደተቀበለ በማየት አሲድነትን በቁጥር ማስቀመጥ እንደሚቻል አሳይተው ነበር። ይህ ቁጥር የሃሜት የአሲድነት ልኬት ይባላል። የመድኃኒት ተመራማሪዎች በኋላ ይህንኑ ሐሳብ ወደ ደረቅ ጠጣር ወሰዱት።

አሠራሩ በቅደም ተከተል ሲታይ የሚከተለውን ይመስላል። ለምርመራ በሚዘጋጀው ናሙና ውስጥ፣ ገና ፈሳሽ ሳለ፣ እጅግ ጥቂት ሰልፎንፍታሌይን ቀለም ይጨመራል። ናሙናው በብርድ ረግቶ ይደርቃል። ቀለሙ ከመድኃኒቱና ከስኳሩ ጋር በአንድነት ተሠራጭቶ በደረቁ ነገር ውስጥ ይቀራል። ከዚያ በዱቄቱ ላይ ብርሃን ይፈነጠቅና ተበታትኖ የሚመለሰው ብርሃን በየቀለሙ ይለካል። ቀለሙ ብሮሞፌኖል ብሉ ከሆነ፣ ቢጫው መልክ ከሰማያዊው ጋር ያለው ምጣኔ ይሰላል። ከዚህ ምጣኔ የደረቁ ነገር አሲድነት በሃሜት ልኬት ይገኛል። ሶረንሰን በዓይናቸው ያነጻጸሩትን ዛሬ መሣሪያ ያነጻጽረዋል፤ መርሑ ግን ያው ነው።

በዚህ መንገድ በተደረጉ ጥናቶች፣ ከመድረቃቸው በፊት እኩል ፒኤች የነበራቸው ሙሙቶች እንደ በፈራቸውና እንደ ተጨመረባቸው ስኳር ወይም ሌላ ደጋፊ ንጥረ ነገር ዓይነት፣ ከደረቁ በኋላ የተለያየ አሲድነት እንደሚያሳዩ ታውቋል። ውጤቱ በመድኃኒቱ ላይ ይታያል። ፕሮቲንን ለመጠበቅ የሚጨመረው የተለመደ ስኳር፣ ማለትም ሱክሮዝ፣ አሲድነት በበዛበት ደረቅ ነገር ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይከፈላል። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ከፕሮቲኑ ጋር ተጣምረው ሊያበላሹት ይችላሉ። ሶረንሰን በ1909 ያጠኑት ኢንቨርቴዝ የሚከፍለው ይህንኑ ስኳር ነበር፤ እዚህ ግን ኢንዛይም ሳያስፈልግ አሲዱ ብቻውን ይከፍለዋል።

ዘዴው የራሱ ገደብ አለው። የቀለሙ መጠን የናሙናውን ጠባይ እስኪለውጥ መብዛት የለበትም። በአንድ ቀለም የተገኘ ቁጥር በሌላ ቀለም ከተገኘው ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም። የሃሜት ቁጥርም ከፒኤች ጋር አንድ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ይህ ሁሉ ሶረንሰን ስለ ቀለም ድካም የሰጡትን ማስጠንቀቂያ ያስታውሳል። ቀለሙ የሚጨመረው ለላቦራቶሪ ናሙና ብቻ እንጂ ለታካሚ በሚሰጥ መድኃኒት ውስጥ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። አዘጋጆች በዚህ ዕውቀት በመመራት ከሶዲየም ፎስፌት ይልቅ በብርድ ጊዜ አሲድነቱ ብዙም የማይለዋወጥ በፈር፣ ለምሳሌ ሲትሬት ወይም ሂስቲዲን፣ ሊመርጡ ይችላሉ፤ ፎስፌት ሲያስፈልግም መጠኑን ይቀንሳሉ።

ለተገልጋዮች ያለው ትርጉም

የደረቀ መድኃኒትን አሲድነት መለካት የአምራቾችና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ሥራ ነው። በዓይን በመመልከት ወይም በመቅመስ ሊታወቅ አይችልም። ተገልጋዩ ግን አምራቹ በጥንቃቄ ያዘጋጀው ሁኔታ እንዳይዛባ የበኩሉን ማድረግ ይችላል።

1. ሙቀትና እርጥበት በደረቅ መድኃኒት ውስጥ የሚካሄደውን ለውጥ ያፋጥናሉ። ስለዚህ በእጅዎ ያለ መድኃኒት በማሸጊያው ላይ በተጻፈው የሙቀት መጠንና ክዳኑ በሚገባ እንደተዘጋ ይቀመጥ።

2. ዱቄቱ ነጭና ደረቅ ሆኖ መታየቱ ብቻውን ለደህንነቱ ማረጋገጫ አይሆንም። የአገልግሎት ጊዜው ያለፈበትን አይጠቀሙ። የረጠበ፣ የተጣበቀ ወይም መልኩ የተለወጠ ሆኖ ካገኙት ከመጠቀምዎ በፊት ለፋርማሲ ባለሙያ ያሳዩ።

3. መበጥበጫው የመድኃኒቱ አካል ነው። ከክትባት ወይም ከመርፌ መድኃኒት ጋር የሚመጣው መበጥበጫ በአሲድነቱና በጨው መጠኑ ለዚያ ምርት ተመርጦ የተዘጋጀ በመሆኑ፣ የአንዱ ለሌላው አይተካም። የሚበጠብጠውም የጤና ባለሙያ ብቻ ነው።

4. የኩፍኝና የቢሲጂ ክትባቶች ከተበጠበጡ በኋላ በቅዝቃዜ ተጠብቀው ቢበዛ በ6 ሰዓት ውስጥ፣ ወይም የዕለቱ የክትባት ክፍለ ጊዜ ከዚያ ቀድሞ ካበቃ በዚያው ሰዓት፣ የተረፈው ይወገዳል። ባለሙያው በብልቃጥ የቀረውን ሲያስወግድ ወይም ለክትባት በተወሰነው ቀን እንዲመለሱ ሲጠይቅዎ፣ ልጅዎን ከተበላሸ ክትባት እየጠበቀ መሆኑን ይረዱ።

5. ለሕፃናት በቤት ውስጥ በውኃ የሚበጠበጡ የሚዋጡ መድኃኒቶች የሚዘጋጁት በሌላ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ መርሑ ግን ተመሳሳይ ነው። የውኃውን መጠን፣ ከተበጠበጠ በኋላ የሚቆይበትን የቀን ብዛትና የሚቀመጥበትን ቦታ በሚመለከት የፋርማሲ ባለሙያውን ይጠይቁ፤ የተነገረዎትንም በትክክል ይፈጽሙ።

ሶረን ሶረንሰን መርፌ ሠሪም ክትባት ፈልሳፊም አልነበሩም። ያበረከቱት፣ በምላስ ይታወቅ የነበረውን ኮምጣጣነት ሁሉም በሚስማማበት ቁጥር ማስቀመጥና የቀለምን ምስክርነት በጥንቃቄ መስማትን ነው። አንድ እናት ልጇን ለኩፍኝ ክትባት ይዛ ስትመጣ በብልቃጡ ሥር የምታየው ነጭ ዱቄት ከውጭ ሲታይ ዝም ያለ ነው። በውስጡ ያለው ነገር ሳይበላሽ እንዲደርሳት የሚያደርገው ግን አምራቹ በልኬት፣ የጤና ባለሙያው በአያያዝ፣ ቤተሰቡም በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን በማክበር የሚያደርጉት ጥንቃቄ ነው።